ጋሽ ከድር የገቡበት ፎልደር

ሰው መቼም መደርደር ይወዳል። ሽንኩርቱን ከድንቹ፣ ዘመዱን ከባዳው፣ ያለውን ከሌለው ለይቶ ካላስቀመጠ እንቅልፍ አይወስደውም። እናንተስ? የቁም ሳጥናችሁን ጉድ ስለማላውቅ አልፈርድም። እኔ ግን ዕቃ ሳይሆን ጽሑፍ ስደረድር የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ስለ ጉለሌ ሰፈራችን የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። ጽሑፎቹ ኮምፒውተሬ ላይ ፋይል ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንድ ትእዛዝ ስሰጠው ገጽ አድርጎ ያወጣቸዋል። ለዓመታት አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው በሰላም ኖረዋል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ አንድ ቅዳሜ በየርዕሳቸው ልለያቸው ተነሳሁ። ገበያ፣ ጎረቤት፣ ለቅሶ። ለቅሶ ውስጥ የገባ ሁሉ አናቱ ላይ «ነፍስ ይማር» ተብሎ፣ ፎቶው በጥቁር ተከቦ እንዲወጣ አደረግኩ። ያማረ መሰለኝ።

ጋሽ ከድር አዲሱ ገበያ ሱቅ አላቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የእድራችንን ድንኳን የሚተክሉትም እሳቸው ናቸው። ክርስቲያን ይሙት ሙስሊም፣ ብረቱን ተሸክሞ የሚቀድማቸው የለም። ስለዚሁ ደግነታቸው የጻፍኩት ከላይ እስከ ታች ድንኳንና ሐዘንተኛ ስለሆነ፣ ሳላመነታ ለቅሶ ውስጥ ከተትኩት። ገጹ በሰፈሩ ቴሌግራም ተዳረሰ።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃቸው ተሰበሰበ። እሳቸው ከቴሌግራም ጋር አይተዋወቁም። ሕዝቡን ሲያዩ የለመዱትን አደረጉ፤ ከጓሮ ብረቱን አውጥተው የመጀመሪያውን ምሰሶ ተከሉና፣ «ማነው የሞተው?» አሉ።

ሁሉም ዓይኑን እሳቸው ላይ ተከለ። አንዲት ሴትዮ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ሰው ገጹን አሳይቷቸው ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ለራሱ ድንኳን የተከለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? በአላህ ይዤሃለሁ፣ ከዚያ ውስጥ አውጣኝ።» ፈርተዋል። እኔም ፈራሁ።

ፋይሉን ወደ ጎረቤት አዛወርኩት። አዲሱን ገጽ አሳየኋቸው፤ ነፍስ ይማር የለበትም። እፎይ አሉ። ይበልጥ ላረጋጋቸው ብዬ ስማቸውን ስልኬ ላይ ስፈልግ ግን ሁለት ጋሽ ከድር ወጡ። ለካ ፋይሉ ቢሄድም የቀድሞው ገጽ ባለበት ይቀራል። ከላይ ሟቹ፣ ከታች ሕያው።

«የትኛው ነኝ እኔ?»

«የታችኛው ነዎት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እሱ ለምን ቀደመኝ?»

አሮጌውን ገጽ አጠፋሁት፤ እሱስ ጠፋ። ሰፈሩ ግን አላጠፋውም። ድንኳን እንዲተክሉ የሚጠራቸው ሰው የለም። ሰላም የሚላቸውም እጃቸውን ጨብጦ ትንሽ ያቆያል፣ ሙቀት ለመለካት ይመስል። የዘመኑ ሰው ጅልነት እያልኩ ስቄበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ወጣሁ አይደል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ወጥተዋል» አልኩና ጨበጥኳቸው። ሳላስበው እጃቸውን ትንሽ አቆየሁት። ቀዝቃዛ ነው።

የእንጦጦ ብርድ ይሆናል፣ መቼስ።