ጸሐፌ ግድግዳ ማቴዎስ ዘፋኟን ከቱላ በጋሪ ያመጣበት ዘመቻ

አብዮቱ ዐሥር ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ባለታሪካችን ግን በልቡ ዘመነ ማቴዎስ እያለ በሚጠራው ዓመት፣ የሚያዝያ ዝናብ የሐዋሳን መንገድ ባቦካበት ሰሞን፣ የኮሌጅ ተማሪው ማቴዎስ፣ ሥዩመ ኮሚቴ፣ መኰንነ ዓምደ መዝናኛ፣ ፈረስ ሳይኖረው በፈረስ ስሙ አባ ለጥፍ የተባለው፣ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት የሆነው ይህ ነው።

ግዛቱ ከምግብ ቤቱ በር እስከ አዳራሹ ግድግዳ ነበረ። ማን በመረብ ኳስ ማንን እንደረታ፣ ከየትኛው መኝታ ክፍል ጊታር እንደተሰማ፣ የትኛው ፊልም መሐል ላይ ተበጥሶ ተመልካቹን እንዳስጮኸ፣ ይህን ሁሉ በእጁ ጽፎ በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ ሕዝቡን ይመግብ ነበር። ልቡ ግን ርቆ ሄዶ ነበር፤ በሬዲዮ ስለ ዘፋኞች ሲያወራ የራሱን ድምፅ በሕልሙ ይሰማ ነበርና። በዚያም ዓመት ኮሚቴው፣ ዓምዱን ያለ እንከን የመራ አንድ ተማሪ ለክረምቱ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ለልምምድ ይላካል ብሎ ስላስታወቀ እንቅልፍ አጣ። ባላንጣውም ግዛቸው፣ የበቆሎ ምርት ዓምድ ጌታ፣ እንቅልፍ አጥቶ እንከን ይፈልግለት ነበር።

የዘመኑ ሕግ እንዲህ ነበረ፦ ጽሑፍ ሁሉ ከመለጠፉ አስቀድሞ የሊቀመንበሩ የጓድ ይልማ ማኅተም ይረፍበት፤ ካረፈበትም በኋላ ፊደል አይጨመር፣ አይቀነስ። ጓድ ይልማም ወደ ይርጋለም ለስብሰባ የሚሄድ በመሆኑ አዋጅ አስነገረ፦

«የቅዳሜው የኪነት ትርዒት ዘገባ ሐሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ይገኝ! ቅዳሜ ስመለስ ተለጥፎ ማየት እፈልጋለሁ!»

የቅዳሜ ነገር ሐሙስ እንዴት ይጻፋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም እንደዚያው ይጽፍ ነበርና። ማቴዎስም የትርዒቱ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ፣ ድምፃዊት ከበቡሽ በቢጫ ቀሚሷ ደምቃ እንደ ዘፈነች፣ ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነሥቶ «ይደገም!» እያለ አዳራሹን እንዳናወጠው አሳምሮ ጻፈ። ማኅተሙም ጧ ብሎ ወረደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ ማኅተም ካረፈበትማ ማን ይመልሰዋል።

ወእምዝ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከዲላ የሚመጣውን የኪነት ቡድን መኪና ቱላ ላይ ጭቃ ያዘው የሚል ወሬ ደረሰ። ወንዶቹ ከነመሣሪያቸው በከሰል መኪና ተጭነው፣ ጥርሳቸው ብቻ እየታየ ገቡ። ከበቡሽ ግን እዚያው ቀርታ በእነርሱ አፍ አዋጅ ላከች፦

«በቢጫ ቀሚስ ከሰል ላይ አልወጣም! ሕዝቡ ይቅር ይበለኝ!»

ማቴዎስ ይህን ሲሰማ ሰማይ ምድሩ ዞረበት፤ እውነቱን ለመናገር ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ግዛቸው በአንጻሩ ደስታውን መሸሸግ አቅቶት፣ የሙጫ ጣሳና ብሩሽ ይዞ ወጥቶ፣ ማኅተም ያረፈበትን ጋዜጣ በአዳራሹ ደጃፍ በገዛ እጁ ለጠፈና አወጀ፦

«ጓዶች! ሕዝቡ ሲወጣ ያንብበው፤ ያን ጊዜ እውነትና ሐሰት ይለያል!»

ያን ጊዜ አባ ለጥፍ ተነሣ። የተከተለውም ሠራዊት ይህ ነበረ፦ ባለጋሪው ሙክታር፣ የአዲስ ከተማ ሰው፣ ጅራፉን ከማንሣቱ በፊት የሚያፏጭ፤ ዳማ ፈረሱ፣ ቁርስ ያልበላ፤ አንድ የተቀደደ ሸራ፤ አንዱ ጎማ የሚያቃስት ጋሪ። ሙክታርም ስለ ዋጋ አንዳች ሳይናገር አወጀ፦

«እሄዳለሁ! ግን ከበቡሽን በሬዲዮ እንጂ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። እኔ አዳራሹ ስገባ ፈረሱን አንተ ትይዛለህ። ይሄ ፈረስ ሰው ካልያዘው አይቆምም፣ ቤቱ ነው የሚሄደው!»

ማቴዎስም ቸኩሎ ነበርና፣ የሚምልበትን ነገር ሳያስብ ማለ።

የታቦርን ተራራ ከኋላቸው ጥለው፣ ጭቃውን እየቀዘፉ ቱላ ሲደርሱ፣ ከበቡሽ በአንድ ሱቅ በረንዳ ቀሚሷን ሰብስባ ሙዝ ትልጥ ነበር። ጋሪውንም አየችና አወጀች፦ «እኔ? በዚህ? ሰው ምን ይለኛል!» ማቴዎስ ሊለምናት አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ልመናው ጠፍቶበት፣ ዝናብ ላይ እንደቆመ ዘገባውን በቃሉ ወረደው፤ ቢጫ ቀሚሷን፣ ድምፅዋን፣ የተነሣውን ሕዝብ፣ «ይደገም!» ያለውን ጩኸት። እርስዋም ሙዙን ይዛ ሰማች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያም ለቱላ ሕዝብ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አወጀች፦

«ተነሥተው ነው ይደገም ያሉት? እንግዲያማ ይሄን ሕዝብ ማሳፈር ነውር ነው! ጋሪውን አቅርቡልኝ!»

ማቴዎስም የዝናብ ልብሱን አውልቆ በቀሚሷ ላይ ጣለ፤ ጎማው የረጨውን ጭቃ ሁሉ ራሱ ተቀበለ። እርስዋ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆና ደረሰች፤ እርሱን ግን የክፍል ጓደኞቹ እንኳ አላወቁትም።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ሙክታር ልጓሙን በእጁ አስያዘውና ከዘፋኟ ኋላ ገባ። ማቴዎስ መሐላው ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። ልልቀቀው ይሆን ብሎ አሰበ፤ ዳሩ ግን ፈረሱ የሰው እንጀራ ነበረ፤ መሐላም መሐላ ነው። ልጓሙን ጨብጦ ቆመ። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ዘፈኑን አንዲት ቃል ሳያስቀር ዋጠበት። ፈረሱም የዱቄት ሙጫ ሸትቶት አንገቱን ሰደደና የግዛቸውን የበቆሎ ምርት ዓምድ ከሥሩ ገሽልጦ በላ። ማቴዎስ ልጓሙን ጎተተ፤ እርግጥ ነው፣ ትንሽ ዘግይቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከውስጥ፣ ዝናቡንም ጣሪያውንም የሚያሸንፍ ድምፅ ወጣ፦ ይደገም! ይደገም! ማቴዎስም ፊቱን በፈረሱ አንገት ላይ ደፍቶ ሳቀ፤ ዝናብ ነው ተብሎ የታለፈ እንባም ነበረው።

ሕዝቡ ወጥቶ ጋዜጣውን ሲያነብ፣ እንዴት እንዲህ ፈጥኖ፣ እንዴት እንዲህ አንድም ሳይስት ጻፈው ብሎ ተደነቀ። ግዛቸው የተበላውን ዓምዱን አይቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። ከይርጋለም የተመለሰው ጓድ ይልማም፣ ሐሙስ ማኅተም ማሳረፉን ረስቶ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ አወጀ፦

«ከዚህ ተማሪ ተማሩ! በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ብቻ ይጽፋል! ክረምቱን ሬዲዮ ጣቢያ ይሄዳል!»

ማቴዎስ ግን ወደ ሙክታር ዞሮ፣ እንዴት አድርጋ ዘፈነች ብሎ ጠየቀ። ሙክታርም ልጓሙን ተቀብሎ፣ ዓይኑን በእጀታው እየጠረገ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦

«እሱን በአፍ መናገር አይቻልም። ያው ግድግዳው ላይ አሳምረው ጽፈውታል፤ ሂድና አንብበው!»

እንግዲህ ሰሚ ሆይ፣ ለአባ ለጥፍ ምስጋና ይገባዋል። ሌላው ዘጋቢ አይቶ ይጽፋል፤ እርሱ ግን ጽፎ፣ ጽሑፉ ሐሰት እንዳይሆን ቱላ ድረስ ዘመተ። የሐዋሳ ተማሪ ሁሉ ያየውን እርሱ ብቻ ሳያይ ቀረ፤ ፈረስ ሳይኖረውም በዚያች ቅዳሜ የፈረስ ልጓም በእጁ ነበረ። ስሙን ዝናብ አያርጥበው፤ ፈረስም አይብላው።