የዶክተር ቶሊቨር ጠበቃ

ሰው በሰፈረበት ሁሉ፣ ለሌሉ ሰዎች ጥብቅና የቆመ አንድ ሰው አይጠፋም። የገዛ ልጁ ስትፋታ «እነሱ ያውቃሉ» ብሎ ያለፈ ሰው፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉ ሁለት ሐኪሞች ሲኳረፉ እህል አልዋጥ ይለዋል። እንዲህ ያለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱም በየፀጉር ቤቱም አለ። እዚህ ሰድበሪ ከተማ፣ ጡረተኞች በምንኖርበት ፎቅ ደግሞ ክብርት ወይዘሮ ስቴፋኒያ ህሪንቹክ ደርሰውናል። ከዚህ በኋላ ግን «እሷ» እላታለሁ፤ አንቱታውን ብትሰማ የምትስቀው በእኔ ነው።

ነገሩ የተነሳው «ምሥራቅ ክንፍ» በሚባል የሐኪሞች ድራማ ነው። ዶክተር ቶሊቨር የሚባል ቀዶ ጠጋኝ አለ፤ ሲስቅ ታይቶ አያውቅም። አይቪ የምትባል ወጣት ሐኪም አለች። በሁለተኛው ዓመት ቶሊቨር ቦርድ ፊት መስክሮባት አንድ ዓመት ከሥራ አሳገዳት። በሦስተኛው ዓመት አባቷ እሱ ኦፕራሲዮን ሲያደርጋቸው ሞቱ። በአራተኛው ዓመት እወድሻለሁ አላት፤ ያውም አሳንሰር ውስጥ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። በሌላ በኩል ጁልያን የሚባል የሆስፒታሉ ፋርማሲስት አለ። ሾርባ ሠርቶ ያመጣላታል፣ ልደቷን አይረሳም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አይቪ ለማን ትገባለች? እኛ ፎቅ ውስጥ ስድስት ዓመት የተቆራቆስነው በዚህች ጥያቄ ነው።

ስቴፋኒያ የቶሊቨር ጠበቃ ናት። እኔ ሬዣን ላፍሬኒየር፣ የማዕድን መኪና ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁት፣ የፋርማሲስቱ ወገን መሪ ነኝ። ተከታዮቼ አራት ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ ጆሮዋ አይሰማም።

ሐሙስ እራት ከተበላ በኋላ የጋራ ሳሎኑ ውስጥ እንሰበሰባለን። ሕጉን ያወጣችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም። ድራማው እየታየ ማንም አይናገርም፤ ማሳልም ያስቀጣል። ከተከታዮቼ አንዷ ግሌንዳ ከሦስት ዓመት በፊት ጉንፋን ይዟት መጥታ ነበር፣ እስካሁን ይቅርታ አልተደረገላትም። ሙግት የሚፈቀደው ማስታወቂያ ሲመጣ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ሲያልቅ አፍ ውስጥ የቀረ ቃል ካለ ይዋጣል። አንድ ክፍል ያመለጠው ሰው ደግሞ ራሱ እስኪያየው ድረስ ትንፍሽ የሚልለት የለም፤ እንዲያውም አሳንሰር ውስጥ ካገኘነው ፊታችን እንዳያሳብቅብን ጣራ ጣራውን እናያለን።

«አሥራ አንድ ሰኮንድ» ትላለች ስቴፋኒያ፣ የመኪና ማስታወቂያ ገና ብቅ ሲል። «ቶሊቨር አይቪን አሥራ አንድ ሰኮንድ ሙሉ አያት። በሰዓቴ ይዤዋለሁ። ቦህዳን ነፍሱን ይማረውና፣ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ይህን ያህል ያየኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«መቼ?»

«መኪናውን ወደ ኋላ ነድቼ ሐይቅ ውስጥ የከተትኩበት ቀን።»

«አባቷን ገድሏል እኮ፣ ስቴፋኒያ።»

«አልገደለም። ሞቱበት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱማ፣ ቶሊቨር ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ያንተ ፋርማሲስት ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ ለጥ ብሎ ነው የሚያድረው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።» ቀጥሎ የምትለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «ጥርሱን የሚያሳይ ሐኪም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው።»

ሙግቱ ሳሎን ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛ የኩሽናዋን ቧንቧ ሊጠግን መጣ። ቁልፉን ከሣጥኑ ሳያወጣ ከማን ወገን እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው የዋህ ነው፣ «ቶሊቨር ማነው?» አላት። አስቀምጣ ከአንደኛው ዓመት ጀምራ ስትተርክለት ዋለች። ሲወጣ ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል።

ሌላ ጊዜ ለቴሌቪዥን ጣቢያው አሥራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። እነሱም ታላቅ አክብሮት የሰጧት መስሏቸው የተዋንያኑን ፎቶግራፍ ላኩላት። ፎቶው ላይ አይቪ ከፋርማሲስቱ ጎን ቆማለች። ስቴፋኒያ መቀስ አንስታ ፋርማሲስቱን ቆረጠችና፣ «እንዲህ ነው መሆን ያለበት» ብላ ቀሪውን መልሳ ላከችላቸው። የተቆረጠውን ፋርማሲስት በቤቴ በር ሥር አሾልካ አስገባችልኝ።

የባሰው ግን በዩክሬናውያን አዳራሽ የሆነው ነው። ከቀብር የተመለሰው ሰው ተሰልፎ፣ ስቴፋኒያ ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ታድላለች። ሐዘንተኛው ሁሉ ሳህኑን ሲዘረጋ በለሆሳስ ትጠይቀዋለች። ቶሊቨር ያለ ስምንት ፔሮጊ በተጠበሰ ሽንኩርት ይደርሰዋል። ፋርማሲስቱ ያለ አራት፣ ያለ ሽንኩርት። ለእኔ ሦስት ሰጠችኝ፤ አንዱም ፈንድቶ ነበር።

ባለፈው መጋቢት አንጀቷ ውስጥ እጢ ተገኘ። ለሳሎኑ ሰው «የሆድ ነገር ነው» ብላ አለፈችው። ለእኔ የነገረችኝ መኪና ስላለኝ ነው፤ እሷ እንዳለችው ከሆነ ሌላ ምክንያት የለውም። ቀዶ ጠጋኟ ጋ ይዣት ሄድኩ። «ግባና ስማ፣ ምስክር ያስፈልገኛል» ብላ ክፍሉ ውስጥ አስገባችኝ።

ዶክተር ቦሊዩ ወጣት ናት። ፊቷ ብሩህ፣ አንደበቷ ለስላሳ። አንጀቱን ወረቀት ላይ ሥላ፣ ከየት እስከ የት እንደምትቆርጥ አሳየች። ማክሰኞ ጠዋት ክፍት ቦታ እንዳላትም ነገረችን። ይህን ሁሉ ስታስረዳ ፈገግታዋ አልተለያትም፤ የስቴፋኒያ ቅንድብ ግን ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ስቴፋኒያ።

«የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«‹ምሥራቅ ክንፍ›ን ያያሉ?»

ዶክተሯ ይበልጥ በራች። «አንድም ክፍል አምልጦኝ አያውቅም።»

ከስቴፋኒያ ኋላ ሆኜ፣ ሌላ ቃል እንዳትጨምር ራሴን በኃይል ነቀነቅሁላት። ወይ አልገባትም፣ ወይ አንገቴን ያመመኝ መስሏታል።

«አይቪ ለማን ትገባለች ይላሉ?»

«ለጁልያን ነዋ። ምስኪን፣ ሾርባውስ?»

ስቴፋኒያ የእጅ ቦርሳዋን ዘጋች። «በጣም አመሰግናለሁ» አለች። «ሌላ ቀዶ ጠጋኝ አላችሁ?»

አለ፤ ወረፋው ግን ሦስት ወር ነው። ዶክተሯ ፈገግታዋን ሰብስባ፣ እጢው ሦስት ወር የሚጠበቅ ዓይነት እንዳልሆነ፣ ከቆየ ሊሠራጭና ከእጅ ሊወጣ እንደሚችል ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ስቴፋኒያ «እስካሁን ጠብቋል» ብላ ካፖርቷን አነሳችና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ቆሽቴ አሯል።

«በፋርማሲስት ምክንያት ልትሞቺ ነው?»

«ያቺ ልጅ ማመዛዘን አትችልም። ሰው መምረጥ ያቃታት፣ አንጀት መምረጥ ትችላለች?»

«ያለሽ አንጀት አንድ ነው፤ ምን ትመርጣለች? ቆይ፣ ቶሊቨር ቢሆን ትፈርሚ ነበር?»

«ዓይኔን ሳላሽ።»

«የአይቪ አባትም ዓይናቸውን ሳያሹ ነው የፈረሙት።»

ዝም አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዝም ባሰኛት እያልኩ ተመኝቻለሁ፤ ሲሳካልኝ ግን ምንም ደስ አላለኝም።

«ቦህዳንን ያስገቡት እየሳቁ ነው» አለች፣ ወደ ግድግዳው እያየች። «‹ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ቡናሽን ጠጪ› አሉኝ፣ እየሳቁ። ቡናው ሳይበርድ መጥተው ነገሩኝ።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔ የሞተር ሰው ነኝ፤ ሰው ማጽናናት አልተካንኩበትም። አይዞሽ ብላት እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ያለኝን ብቸኛ ነገር አወጣሁ።

«ከፈረምሽ፣ ቶሊቨር ትክክል ነው ብዬ እመሰክራለሁ።»

አንገቷ ቀስ ብሎ ዞረ። «የት?»

«ሳሎን። ሐሙስ።»

«በማስታወቂያ ሰዓት?»

«በማስታወቂያ ሰዓት።»

«ግሌንዳ ባለችበት?»

«ባለችበት።»

ትንሽ አሰበችና፣ «በጽሑፍ ይሁን» አለች።

ወረቀት ስላልነበረን ከኦፕራሲዮን በፊት ምን መብላት እንደማይፈቀድ በሚናገር በራሪ ጽሑፍ ጀርባ ላይ ተደራደርን። እኔ «ዶክተር ቶሊቨር መጥፎ ሰው አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዘችና «ለአይቪ የሚገባው እሱ ብቻ ነው» አስጻፈችኝ። «ከአንዳንድ አቅጣጫ ሲታይ» ልጨምር ብል ብዕሩን ቀማችኝ። የአባትየው ጉዳይ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ «አልገደላቸውም፣ ሞቱበት» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩና ፈረምኩ።

«ምስክር ያስፈልገዋል» አለች።

ዶክተር ቦሊዩ ጋ ተመልሰን ገባን። ዶክተሯ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ግንባሯን ቋጠረች። ተመልሳ ሁለተኛውን አንቀጽ ደገመችው። ፊቷ ላይ የፈገግታ ጭላንጭል አልነበረም፤ ለወገኗ ሽንፈት የሚፈረም ወረቀት እንደሆነ ገብቷታል። ምስኪን፣ ከንፈሯን ነክሳ ፈረመች።

ስቴፋኒያ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። «ሥራ ስትይዝ አትስቅም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህቺስ ትቁረጠኝ።» የስምምነት ቅጹን ሳበችና ስሟን አሰፈረች።

ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ መጠበቂያው ክፍል ተቀመጥኩ። ቡና አልጠጣሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ። ከዚያ ዶክተር ቦሊዩ በሩን ከፍታ ወጣች፤ አትስቅም። አጠገቤ ተቀምጣ ኮፍያዋን አወለቀችና «ደክሞኝ ነው፣ አይደንግጡ። ሁሉንም አውጥተነዋል» አለችኝ። እጇን ጨበጥኩ፤ ቶሎም አለቀቅኩትም።

ሐሙስ መጣ። ስቴፋኒያ ገና ሆስፒታል ናት። የወረቀቱን ነገር የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ አፌን ይዤ ብቀመጥ የሚጠይቀኝ የለም። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሲመጣ ጫማዬን እያየሁ አሳለፍኩት። በሁለተኛው ተነሳሁ። ቃል በቃል ተናገርኩት፤ አሥራ አንዱን ሰኮንድም፣ እንቅልፍ ማጣቱንም አልተውኩም። ጆሮዋ የማይሰማው ተከታዬ እንኳ ሰማችኝ።

«ከሃዲ» አለች ግሌንዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አትቀመጥም።

ስቴፋኒያ በሦስተኛው ሐሙስ ከስታ፣ ትንሽ ትራስ ሆዷ ላይ ይዛ መጣች። መመስከሬን ግሌንዳ በስልክ ነግራታለች። ድራማው ተጀመረ፤ ማስታወቂያ መጣ። ስቴፋኒያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«ቶሊቨር ዛሬ ጥሩ ነበር» አልኳት።

«አዎ» አለች።

«አዎ» አልኩ እኔም።

ሌላ የምንለው አልነበረም። የቃር መድኃኒትና የክረምት ጎማ ማስታወቂያ ሁለታችንም አፍጥጠን አየን። ሁለተኛውም ማስታወቂያ እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ስቴፋኒያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሬዣን።»

«አቤት።»

«ያንን ወረቀት ቀድጄዋለሁ። ስትስማማ ለዛ የለህም። እንኳን እኔን፣ ስፌቴን ራሱ ሰለቸው።» ትራሱን አስተካከለች። «በል፣ ያ ደብዛዛ ፋርማሲስትህ ዛሬ ምን አደረገላት?»

«ሾርባ አመጣላት» አልኩ። «ትኩስ ሾርባ። ቶሊቨር ውኃ እንኳ ቀድቶላት ያውቃል?»

ማስታወቂያው እስኪያልቅ ወረደችብኝ። ስትናገር ስፌቱ ያማታል፣ ስታቆም ደግሞ ነገሩ ያማታል፤ ስለዚህ አላቆመችም። የፊቷ ቀለም ሲመለስ እያየሁ ስድቤን ጠጣሁ።

እውነቱን ለእናንተ ልናገር። መጀመሪያ ወደዚያ ሳሎን የወረድኩት ባለቤቴ ክሎዴት በሞተች በሁለተኛው ወር ነው። ድራማውን አላውቀውም፤ ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው የወረድኩት። ስቴፋኒያ የሚስማሟትን ሰዎች በእሺታ ራሷን ነቅንቃ ስታልፋቸው፣ የሚቃረኗትን ግን ማስታወቂያው እስኪያልቅ ስታናግራቸው አየሁ። የዚያኑ ዕለት የፋርማሲስቱ ወገን ሆንኩ። ቶሊቨር ትክክል መሆኑን በአራተኛው ሳምንት አሳምናኛለች። ከዚያ ወዲህ ያለው ስድስት ዓመት ጥርት ያለ ውሸት ነው፤ እሷ እስካለችልኝ ድረስም መዋሸቴን አልተውም።