ምንም እንቅፋት የሌለበት ቢሮ

እኔን የሚገርመኝ፣ ሰው ችግሩን ከአለቃው ደብቆ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚዘረግፈው ለምንድን ነው? ጠጋ በሉማ፣ ላጫውታችሁ።

ቢሯችን ጉለሌ ነው፣ ወደ ቁስቋም ከሚወስደው ዳገት ሥር። ለክሊኒኮች የቀጠሮ መመዝገቢያ አፕ የምንሠራ ሰባት ሰዎች ነን፤ አለቃው እኔ። በየጠዋቱ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቆመን እንሰበሰባለን። መቆሙ ወሬ እንዳይረዝም ነው አሉ። እያንዳንዱ ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንቅፋት እንደገጠመው ይናገራል። እንቅፋቱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለም ይላሉ። ሥራው ግን ንቅንቅ አይልም። እንቅፋት ከሌለ ምን ያዘው? በቃ፣ ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ዝናብ ጣለ። ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ሜሮንና ቢኒያም ቆመዋል፤ አላዩኝም። ሜሮን ማለት የግማሻችንን ሥራ ለብቻዋ የምትሠራ ልጅ ናት። እሷ ከሄደች አለቀልን። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ እናንተስ ብትሆኑ? ሥራዬን የምጭንበትን ሰርቨር ፓስዎርድ እሰጥሻለሁ ካሉኝ ይኸው ዘጠኝ ቀን፣ ረስተውታል ትላለች። ማንን መሰላችሁ? እኔን። ቢኒያም ታዲያ ለምን ስብሰባው ላይ አትነግሪያቸውም አላት።

«ሰው ፊት እንዴት አሳፍራቸዋለሁ? አባቴን የሚያክሉ ሰው።»

ቀጥላ ሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ካስገባች መሰንበቷን ነገረችው። ክው አልኩ።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ቀድሜ ተናገርኩ። የዚህ ቤት እንቅፋት እኔ ነኝ፣ የሜሮንን ፓስዎርድ ዘጠኝ ቀን ረስቻለሁ፣ ይቅርታ፤ ከእንግዲህ እኔን ማፈር የለም አልኩና እዚያው ሰጠኋት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ያልተነገረ የለም። ቢኒያም ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ሲጠፋበት እንደሚውል አወጣ። አንዷ ደግሞ ያጸደቅኩትን ሥራ በነጋታው እያስለወጥኩ እንዳሰለቸኋት ነገረችኝ። አልተቀየምኩም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ያለኝ ሜሮን አትሄድም ብዬ ነው።

ተራዋ ደረሰ። ስለ ፓስዎርዱ አመሰገነችኝ።

«አንድ እንቅፋት ብቻ ቀርቶኛል፣ ጋሼ። ያመለከትኩበት ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀብሎኛል፤ ግን የእርስዎን የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። እስከ ዛሬ መጠየቁ አሳፍሮኝ ነበር።»

ተናገሩ ያልኩት እኔው። ቁጭ ብዬ አሳምሬ ጻፍኩላት። በዚያ ሳምንት ቢሯችን ውስጥ በሰዓቱ ያለቀ ሥራ ያ ደብዳቤ ብቻ ነው።