ጋሽ ሎምቤቦ ያልሰሟት መኪና

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጎረቤት አያኮርፍም። እንኳን ሊያኮርፍ፣ ያኮረፉትንም እየዞረ ይታረቃል። የጠባይ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሚገፋለት ሰው ስለሚፈልግ ነው። እኔ ሆሳዕና ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ፒክአፕ ስነዳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወዳጄ ነበር። ለቅሶ አልቀርም፣ ሠርግ አልቀርም፣ የታመመ ሳልጠይቅ አላድርም። ሰዉ ትሕትናዬን ያደንቅ ነበር። ትሑቷ ግን እኔ ሳልሆን መኪናዬ ነበረች፤ ባትሪዋ በደከመ ቁጥር አራት ሰው ከኋላ፣ አንድ ሰው ከጎን ካልገፋት ንቅንቅ አትልም።

የሕመሟን ዝርዝር ልንገራችሁ ብል ይመሽብናል። ራዲያተሯ ያፈሳል፣ የቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፣ ዝናብ ሲጥል ከተሳፋሪው እግር ሥር ውኃ ይቋጠራል። ከሁሉ የከፋችው ማርሚታዋ ነበረች። አንዴ አስበየድኳት፣ ሁለቴ አስበየድኳት፣ በሦስተኛው መካኒኩ ከሥር ተኝቶ ብዙ ካየ በኋላ ወጣና «ጋሼ፣ ብየዳው የሚይዘው ብረት የለም» አለኝ። ተውኩት። ከዚያ ወዲህ የጭስ ማውጫዋ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ባለቤቴ አስቴር ገና አደባባዩን ስዞር ትሰማኝና ምሳ ታቀርባለች። በቤታችን «የት ደረስክ?» የሚባል ስልክ አልነበረም። በኋላ ተጀመረ፤ እሱን ሌላ ቀን ካልጠየቃችሁኝ በራሴ አላነሳውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለማየት ወደ ሀቢቾ እሄዳለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ማንም ያልጻፈው ሥርዓት ነበረን። ስልክ የሚደውልልኝ የለም፤ ቀጠሮ የሚይዝ የለም። ዳገቱ አናት ላይ ደርሼ ካምቢዮ ስቀይርባት ፒክአፗ የምታወጣው ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ እያንዳንዱ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መሰናዳት ይጀምራል። ሆሳዕና ለሚማር ልጇ ቆጮ በእንሰት ቅጠል የምትጠቀልል አለች፣ ለእህቱ ቅቤ የሚልክ አለ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አለ። እኔ ሀቢቾ ደርሼ፣ ከእናቴ ጋር በልቼ፣ የአካባቢውን ወሬ ሰምቼ ስመለስ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። የቆመ ይሳፈራል። ያልቆመ የሚሄድበት ጉዳይ የለውም ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ የትራንስፖርት አሠራር የትም አገር ያለ አይመስለኝም።

ከተሳፋሪዎቼ የማይቀሩት ጋሽ ሎምቤቦ ነበሩ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሲሞት በሬ ሸጠው ትምህርቴን ያስጨረሱኝ እሳቸው ናቸው። ስኳር በሽታ አለባቸው። በግራ እግራቸው፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ጫማ ያቆሰላት ትንሽ ቁስል ወጥታ ነበር። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየመጡ እንዲያሳዩ አዟቸዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «አባት፣ ይቺን ቁስል አንድ ሳምንት ከረሷት እግሩን ይዛው ትሄዳለች» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ አመጣቸዋለሁ። ከተማ ውስጥ መምህርት ከሆነችው ልጃቸው ከታደለች ጋር ያድራሉ፣ እሑድ ቸርች ይሄዳሉ፣ ሰኞ ቁስላቸው ታጥቦ በሚኒባስ ይመለሳሉ። ቁስሏ እየጠበበች፣ ዳር ዳሯ ቀይ ሥጋ እያወጣች ነበር።

ታዲያ ነዳጅ ጠፋ። ማደያው በር ላይ የሚሠራው ሰልፍ እየረዘመ እየረዘመ ሄዶ አንድ ቀን ጅራቱ የኔን መሥሪያ ቤት አጥር አልፎ ሲሄድ አየሁት። እኔ ሥራ አስፈቅጄ እሰለፋለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ነዳጁ ያልቃል፤ ባይ ባይ ብዬ ወደ ሥራዬ ስመለስ ሥራው ይጠብቀኛል። አንዳንድ ቅዳሜ ሀቢቾ ሳልሄድ እቀር ጀመር። የዚያ መንገድ ሰውም ቶሎ ለመደው፤ ቅዳሜ ድምፅ ካልተሰማ «ነዳጅ አጥቶ ነው» ብሎ ዕቃውን ወደ ቤት ይመልሳል። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም የተባለውም በዚያው ሰሞን ነው። አስቴር አንድ ጠዋት ጎረቤቶቻችን ሲገፉኝ በመስኮት ሆና አይታ «ሰው ሁሉ በሶኬት ሲነዳ አንተ በሰው ትከሻ ትነዳለህ» አለችኝ። 

ፒክአፗን የገዛት ከጃጁራ የመጣ ነጋዴ ነው። ሰፈሩ ተሰብስቦ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋት። ተነሳች። እየጮኸች ወርዳ ከአደባባዩ ማዶ እስክትጠፋ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አልገባም ነበር።

በምትኳ የመጣችው ነጭ፣ ትንሽ፣ ንጹሕ ናት። ቁልፍ የላትም፤ ስትነካት ትነሳለች፣ መነሳቷን የምታውቀው ግን ስትሄድ ነው። ጭስ የለ፣ ዘይት የለ፣ ካምቢዮ የለ። ከፊት ለፊቴ የባትሪዋን ፐርሰንት የሚያሳይ መስታወት አለ፤ በአንድ ወር ውስጥ ያንን ቁጥር ከልጆቼ የፈተና ውጤት ይልቅ እከታተለው ጀመር። ሌላም ለውጥ ነበር። ሰፈሩ መብራት በጠፋበት ጊዜ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ግቢ ያያል። «ሰክቶባት ይሆናል» ይባባላሉ። ደግሞም የሚገፋኝ ሰው ስለማልፈልግ፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ክረምት ሁለት ለቅሶ ቀረሁ።

በአዲሷ መኪና ሀቢቾ የምሄድበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ዓርብ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ መኪናዋ በቅጡ አልሞላችም፤ ሆኖም ወጣሁ። ዳገቱ አናት ላይ ደረስኩ፣ ወረድኩ፣ ሀቢቾ ገባሁ። እናቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አይታ «ይቺ ሕፃን ናት» አለች። በላሁ፣ ተመረቅሁ፣ ተመለስኩ። መንገዱ ባዶ ነበር። ቆጮ የያዘች የለች፣ ፍርድ ቤት ቀራቢ የለ። ጋሽ ሎምቤቦ ሁልጊዜ የሚቆሙበት የባሕር ዛፍ ጥግም ማንም አልነበረበትም። ቤታቸው ከመንገዱ ቢርቅ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ቀስ አልኩ። አየሁ። አለፍኩ። ማታ ታደለች ደውላ «አባባ አልመጣም እንዴ? ስልኩ ዝግ ነው» አለችኝ። «መንገድ ላይ አልነበሩም፤ ተሽሏቸው ይሆናል» አልኳት። በቀጣዩ ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። የዚያ መንገድ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጉዳዩን የጨረሰ መሰለኝ።

ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ምን እንደነበረ የነገሩኝ በኋላ ሚስታቸው ናቸው። ጋሽ ሎምቤቦ በሁለቱም ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳገቱን ሲያዳምጡ ውለዋል። ምንም አልተሰማም። «ነዳጅ አጥቷል፣ ምስኪን» አሉ። ሚስታቸው «በሚኒባስ ሂድ፣ ወይ ሞተር ሳይክል እንጥራ» ቢሉዋቸው እምቢ አሉ። ሰኞ በሚኒባስ መመለስ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ሥራ ላይ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ቅዳሜ በኔ ቀን በሰው መኪና ሆሳዕና ከገቡ ግን ያየ ሁሉ «የወንድሙ ልጅ ጥሎት ነው» ይላል። ስሜን እየጠበቁልኝ ነበር። ሚስታቸው ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠቡ ሳምንት ይጠበቅ ተባለ፤ ሳምንቱ ሲደርስ ሌላ ሳምንት ይጠበቅ ተባለ። ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ ትኩሳት ይዟቸው ሰው መለየት ሲያቅታቸው ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አወጣቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ቁስሉ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ነበር። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

መኪናዋን እንዳትሰድቡብኝ። የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች፤ ሳትጮህ ሄዳለች፣ ሳትጮህ ተመልሳለች።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው የገባሁት ሁሉንም ልነግራቸው ወስኜ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ የምለውን በሆዴ ተለማምጃለሁ። ከጋሽ ሎምቤቦ ጋር የምናወራው በሀዲይኛ ነው፤ ይቅርታ በሀዲይኛ ሲጠየቅ ይከብዳል፣ በቢሮ አማርኛ እንደሚባለው ወጣ ገባ ማለት አይቻልም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ በኔ አትዘን» አሉ። «ቅዳሜ መጥተህ እንደነበር ሰማሁ። ጎረቤታችን ከማሳዋ ሆና አይታሃለች። መኪና ቀይረሃል አሉ፣ እሰይ። እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ስኳሩ ዓይን ይወስዳል ብለውኝ ነበር፤ ከኔ ግን ጆሮዬን ነው የወሰደው።»

መቼም መኪና ያለ ድምፅ አይሄድም። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ይህን መጠራጠር የለበትም፤ ስለዚህ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።  «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ ጋሼ» አልኩና ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አፈርኩ። አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

ከሆስፒታል ወጥተው ታደለች ቤት ተቀመጡ። እኔ በእግሬ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ለምን በእግርህ እንዳትሉኝ። ጋሽ ሎምቤቦ ግን ስለ እግራቸው ትተው ስለ ጆሯቸው ይጨነቁ ነበር። ስብከት ሳይሰሙ መሞት ነው የፈሩት። «አሁን ይሰማኛል፤ ሲብስ ምን ልሆን ነው?» እያሉ ታደለችን አላስቀምጥ አሏት፤ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘች። በቀኑ በባጃጅ ወሰደቻቸውና እሷ ከሰዓት ክፍል ስላላት እኔ ከቢሮ ወጥቼ እንድመልሳቸው ጠየቀችኝ። በዚያን ቀን መኪናዬን ትቼ የምሄድበት ምክንያት አጣሁ።

ስደርስ ምርመራው ሊያልቅ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው። ከኋላቸው ቆሞ ቃል ያንሾካሹካል፣ እሳቸው ይደግማሉ፤ ራቅ ይላል፣ ይደግማሉ። ብረት አንቃጭሎ ጆሯቸው ሥር ያዘ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ጣታቸውን አንስተው ቆዩ። በመጨረሻ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«አባት፣ ጆሮዎ ጤነኛ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚሰማ ሰው ብዙ አላይም።»

ታደለች «ጌታ ይመስገን» ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች። ጋሽ ሎምቤቦ ግን ክራንቻቸውን ፈለጉ።

ደግፌ አወጣኋቸው። ክራንቻቸውን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁ፣ ባዶውን የሱሪ እግር አጥፌ በሩን ዘጋሁ፣ ዞሬ ገባሁ፣ ነካኋት። ተንቀሳቀስን። የክሊኒኩን በር አልፈን አስፋልቱን ይዘን ጥቂት እንደሄድን መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው አሳረፉ፤ የታመመ በሬ ሲነኩ እንደሚያደርጉት ነበር።

«ሞተሩ ተነስቷል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሄደው?»

«አዎ።»

«ቅዳሜም?»

«ቅዳሜም» አልኩ። «ሁለቱንም ቅዳሜ።»

እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ባጃጆች በግራም በቀኝም እየጮኹ ያልፉናል፤ ሁሉም ይሰማቸዋል። ታደለች ቤት በር ላይ አቆምኩ። አልወረዱም። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ እውነቱን ብቻ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቁኝ።

«መንገዱ ላይ ስታጣኝ ምን አሰብክ?»

«የተሻለዎት መሰለኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ነው ያሰብክልኝ» አሉ። «ተባረክ።» ክራንቻቸውን አቀበልኳቸውና ትከሻዬን ይዘው ወረዱ።

እሳቸውን አንዴ ዋሽቻለሁ፤ እናንተን ደግሜ ብዋሽ የሚጠቅመኝ ነገር የለም። ያቺን የባሕር ዛፍ ጥግ ባዶ ሆና ሳያት ስለ ጋሽ ሎምቤቦ አላሰብኩም። ዳገቱ ከፊቴ ነበር፣ ባትሪው አሥራ ዘጠኝ ፐርሰንት ላይ ነበር፣ ሁለት ሰው ከአንድ ሰው ይከብዳል። ባለመቆማቸው ደስ ነበር ያለኝ።