ተፎካካሪ የራቀው ሬዲዮ ሠሪ

ጎረቤቱን ሲረግም የሚውል ባለሙያ አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔን አጋጥሞኛል። በደርግ ጊዜ የናዝሬት ሬዲዮ ሠሪዎች አንድ መደዳ ላይ ተጣብቀው ነበር የሚሠሩት። መለዋወጫ ከገበያ ስለጠፋ ከአሮጌ ሬዲዮ እየፈቱ ይዋዋሳሉ፤ የጎደለው ሰው ግድግዳውን ደብድቦ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ከመሃላቸው የነበሩት፣ ከሬዲዮ ሠሪው ጀማል ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጋሽ ታደሰ ግን "እነዚህ ሰዎች ደንበኛዬን ከአፌ ላይ ይነጥቁኛል!" እያሉ ሲማረሩ ኖረው፣ አንድ ቀን ዕቃቸውን ጠቅልለው ሞጆ ገቡ። በሰፈሩ ሌላ ሬዲዮ ሠሪ የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ገነት አለ?

ልጠይቃቸው ስሄድ የአንድ ሾፌር ሬዲዮ ፈታትተው ተቀምጠዋል። ቀና እንኳ ሳይሉ ግድግዳውን በቡጢ ደበደቡና "ጀማል! አንድ ትራንዚስተር ወዲህ በል!" ብለው ጮኹ።

"ጋሼ፣ እኔ ያለኝ ጉበት ነው!" አለ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከግድግዳው ላይ ሳያነሱ ቆዩ።

"ጀማል ደህና ነው?" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሁንም የሰው ደንበኛ ይነጥቃል?"

"ይነጥቃል እንጂ!"

"ምነው የእኔንም በነጠቀኝ" አሉ።