የሻምበል የርቀት ትምህርት

ትምህርትን በትእዛዝ የሚጨርስ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ካዛንቺስ፣ አጥር የሚያዋስነኝ አንድ ጎረቤት አለኝ። ሻምበል ታፈሰ ከጦሩ ሲሰናበቱ ኮሌጅ በነጻ፣ በርቀት እንዲማሩ ዕድል ተሰጣቸው። ተመስገን ነው፤ ስንቱ ያጣውን! እሳቸው ግን ሞጁሉን ለቤተሰቡ እንደ ግዳጅ አከፋፈሉት። ሚስታቸው በላይነሽ ታነባለች፤ ልጃቸው አሳይመንቱን ትሠራለች፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው "ምዕራፍ ሁለት ተያዘ?" ይላሉ።

እኔም ግዳጅ አልቀረልኝም። "እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ለፈተናው ይሳሉልኝ" አሉኝ። እሺ ብዬ ለቂርቆስ ጧፍ ተሳልኩ።

ፈተናው ግን ወኪል አይቀበልም፤ ወደቁ። ከበሬ ስወጣ ጠብቀው "ስለትዎ አልሰመረም!" ብለው ጮኹብኝ።

"ኧረ ሰምሯል፣ ሻምበል! እኔ የተሳልኩት እንደ ንባብዎ እንዲሰጥዎ ነው። ይኸው ጧፉን ላስገባ እየሄድኩ ነው።"