ለጺሜ የተጣለ ድንኳን

«ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው ብሎግ አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ ዝምታ እንዴት እንደሚነቅዝ በዓይኑ ያይ ነበር። እናንተን አልወቅስም፤ አንባቢ ጥሩ ሰው ነው። ጸሐፊው አንድ እሁድ ሳይጽፍ ሲቀር «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በሁለተኛው እሁድ «ምነው ጠፋህ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን እሱም ዝም ይላል፤ ሌላ የሚያነበው አግኝቷላ! እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ዝምታ ነው።

ጥፋቱ የአፌ ነው። አፍ ዳገት አይፈራም። አዲስ ዓመት ሰውን ሁሉ ጀግና በሚያደርግበት በዚያ በመስከረም ሰሞን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገጼ አናት ላይ «በየሳምንቱ እሁድ አዲስ ጽሑፍ» ብዬ ለጠፍኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ላይማ ጎረፈልኝ። ልደታን የሚያህል ሰፈር ይዞ የሚጻፍ ያጣ ሰው ራሱን ይጠይቅ እል ነበር። ስለ ኮንዶሚኒየማችን ውሃ ጻፍኩ። ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተኮራርፈው ቆመው፣ ቀጠሮው ተራዘመ ሲባሉ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ስለሚመለሱ ባላጋራዎች ጻፍኩ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ መንገዱን ዘግቶ በር ስለሚበይደው ሰውዬ ጻፍኩ፤ እሱው ራሱ አንብቦት «አጋነንከው፤ ግማሹን መንገድ ነው የምዘጋው» አለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰኔ ደረሰ። ክረምቱ ገባ፤ እኔ ደረቅሁ።

አደራረቄን ብታዩት ታዝኑልኝ ነበር። ላፕቶፑን እከፍታለሁ። ጠረጴዛውን እወለውላለሁ። ጫማዬን እቀባለሁ፤ ቤት ተቀምጦ ለመጻፍ ጫማ መቀባት ለምን እንዳስፈለገ አትጠይቁኝ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ መልሼ አነበዋለሁ፣ መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይሸተኛል፣ አጠፋዋለሁ። እንጀራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ተብሏል፣ ተወስኗል፣ ትኩረት ሊሰጠው እንደሚገባ ተገልጿል» እያልኩ ነው የምውለው። በቃለ ጉባኤ ውስጥ «እኔ» የሚባል ሰው የለም። «እኔ» የምለው በዚህች ገጽ ላይ ብቻ ነው። እሷ ከተዘጋች ጡረታ እስክወጣ ድረስ «ተብሏል» ሆኜ መቅረቴ ነው። ሊያስቃችሁ ይችላል። እኔን ግን ከልቤ አስፈርቶኝ ነበር።

ሰው ሲፈራ ደግሞ ይምላል። መጀመሪያ፣ ሳልጽፍ ጺሜን አልላጭም ብዬ ማልኩ። ጺሜ አደገ፤ ጽሑፉ ባለበት ቀረ። ይሄ አልበቃ ሲለኝ «በመጪው እሁድ ካልጻፍኩ ገጹን እዘጋዋለሁ» ብዬ በአደባባይ አወጅኩ። እንግዲህ ጺምና አዋጅ ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ።

በዚሁ መሃል ባለቤቴ ሰናይት እህቷ ተገላገለችና አራስ ልትጠይቅ ወደ አዳማ ሄደች። በማለዳ፣ ብርዱን ፈርታ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሻንጣዋን እያንጠለጠለች፣ በጥድፊያ ወጣች። እኔ ጥቁር ሹራቤን ለበስኩ፤ ሌላው አልደረቀም ነበር። መንገዱ ሐሳቤን እንዳይሰርቀኝ ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ። ከሁለት ቀን በኋላ የሞባይል ካርድ ልገዛ ምድር ቤት ወዳለው ወደ ከድር ሱቅ ወረድኩ። ከድር ወጣት ነው፤ ከሁሉም ሰው ጋር ይቀልዳል። «ጀለሴ፣ ምነው ጺሙ?» አለኝ። «ተወኝ እስቲ ከድር» አልኩት። ዓይኔ ከላፕቶፕ ጋር ሲፋጠጥ ሰንብቶ ቀልቷል። ከድር ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ ካርዱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከድር ለማንም በሁለት እጁ ሰጥቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጽፌ እንደገና ሳጠፋ፣ በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በየነ ናቸው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ጽሑፎቼን ልጃቸው እያነበበችላቸው ይሰማሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ያቺ የውሃዋ ጽሑፍህ ጥሩ ነበረች፤ ውሃው ግን አልመጣም» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ተቀመጡ። ላፕቶፑን አዩ። ጺሜን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይዞህ ዳኜ፤ በሁሉም ቤት ያለ ነው» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ሰው ራሱን ሲወድ የማያምነው ነገር የለም፤ አዋጄን ሰምተው ሊያጽናኑኝ የመጡ መሰለኝ። እሳቸውን ተከትለው የፊት ለፊት ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ የተከደነ ድስት ይዘው ገቡ፤ ድስቱን ወጥ ቤት አስቀምጠው ከጋሽ በየነ ጎን ተቀመጡ። ከድርም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከድር ለኢድ ካልሆነ ሱቁን አይዘጋም። «አላህ ያጽናህ» ብሎኝ ጥግ ይዞ ቁጭ አለ። ትንሽ አልበዛም ወይ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ በሆዴ፣ ይሄ ሕዝብ ጽሑፍ እንዲህ ይወድ ኖሯል፣ አልኩ። ስንት ጊዜ አላወቅሁላቸውም! ጉሮሮዬን ጠርጌ መምጣታቸው ብቻ እንዳበረታኝ ነገርኳቸው፤ እስከ ነገ እንደምታገል፣ ካልሆነልኝ ግን እንደምዘጋው።

«ኧረ አይዘጋም» አሉ ወይዘሮ አስካለ በለሆሳስ። «በር ተከፍቶ ነው የሚዋለው። ሰው ይመጣል እኮ።»

ስንት ሰው እንደሚመጣ ለማሰላሰል ጊዜ አላገኘሁም፤ ከታች ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። ወደ በረንዳ ወጣሁ። ግቢያችን መሃል የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹም እየተደረደሩ ነው። ክው አልኩ። ጎረቤት ሞቶ እኔ ስለ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሳዝን! በሐፍረት ተመልሼ ገባሁና «ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው።

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከድር ጫማውን ማየት ጀመረ። ወይዘሮ አስካለ ወደ ጋሽ በየነ ጠጋ ብለው፣ ሹክሹክታ መስሏቸው፣ «አልተረዳም!» አሉ። እኔም ሰማሁ፤ ታች ድንኳን የሚተክሉትም ሳይሰሙ አይቀሩም።

እንግዲህ የአገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። መርዶ የሚነገረው በወጉ ነው። በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የቅርብ ዘመድ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ መጥተው፣ ሐዘኑን ያልሰማ ሰው ፊት መቀመጣቸው ሲገባቸው፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። «ማነው የሞተው?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። ጋሽ በየነ ተነሱና ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተቀመጥ ልጄ። ውሃ ስጡት።»

በአማርኛ ከ«ውሃ ስጡት» የበለጠ የሚያስፈራ ቃል ካለ ንገሩኝ። ገጹም፣ እሁዱም፣ ዓረፍተ ነገሩም ብን ብለው ጠፉ። ሰናይት ናት? መንገድ ላይ ምን ሆና? ወይስ ወሊሶ ያለችው እናቴ፣ ያቺ ደም ግፊት ያለባት እናቴ? ስልኬን አንስቼ ወሊሶ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ጋሽ በየነ ስልኩን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ጭራሽ አመንኩ። በቃ፣ እናቴ ሞታለች።

«ሄሎ! ማነው? ጮክ በል፣ ጎመን እየከተፍኩ ነው» አለች እናቴ።

አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሳምንት አንዲት ቃል አጥቼ ስቃትት ከርሜ፣ ያኔ ቃሉ ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ጉሮሮዬን ዘጋው። እናቴ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ዝንጅብል አፍላ ብላ አዘዘችኝና ዘጋችው። ሰናይት ጋ ስደውል ደግሞ ሕፃኑ ገና መተኛቱ ነው ብላ በሹክሹክታ ተቆጣችኝ። የሰናይት ቁጣ እንዲህ አጥንቴ ድረስ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዞር ብዬ ለእንግዶቼ ሁሉም በሕይወት እንዳሉ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ማን ነው የሞተብህ?» አሉ ጋሽ በየነ። አሁን ደግሞ እሳቸው ጠያቂ ሆኑ!

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው። ከድር ጺሜንና ዓይኔን አይቶ ለወይዘሮ አስካለ ነገራቸው። ወይዘሮ አስካለ ሰናይት ተከናንባ ሻንጣ ይዛ በማለዳ ስትወጣ አይተዋል፤ እሱን፣ ጥቁር ሹራቤንና የተዘጋውን መጋረጃ ጨምረው ለጋሽ በየነ አደረሱ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ? ጋሽ በየነ ድንኳን ጨመሩበት። ማን እንደሞተ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሐዘንተኛን ደጁ ድረስ ሄዶ «ማን ሞቶብህ ነው?» ማለት ነውር ነው፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

«ታዲያ ጺሙ ምንድነው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ነገርኳቸው። ስለ እሁዱ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ዓረፍተ ነገሯ። እያወራሁ ነገሩ ሲያንስብኝ፣ ሲያንስብኝ ለራሴም ይታወቀኝ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ወደ ወጥ ቤቱ አዩ፤ ያ ሁሉ ስንዴና ሽንብራ ለንፍሮ የተቀቀለው ብሎግ ለሚባል ነገር መሆኑ ከንክኗቸዋል። ከድር ሱቁ ትዝ አለው። ጋሽ በየነ ግን ሊቀመንበር ናቸውና ከንዴት በፊት ሥርዓት ይቀድማቸዋል። ለመሆኑ ገጹ ተዘግቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው፣ የሚዘጋው ነገ ነው አልኳቸው።

«ያልሞተ አይለቀስለትም» አሉ። «ተነስ ተላጭ።»

መሐላ አለብኝ አልኳቸው። እሳቸውም «አንተ ሳትላጭ ይሄ ድንኳን አይፈርስም፤ ጺምህን እያየ ሰው መምጣቱን አያቆምም፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ እኔ ስለ ብሎግ ሳስረዳ አልውልም» አሉኝ። ወዲያው ደረጃው ላይ «ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል የሴት ለቅሶ እየቀረበ መጣ። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ምላጭ አነሳሁ። ሴትዮዋ የማን እህት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ተላጭቼ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ድንኳኑ ስወርድ ዝናቡ ወረደ። በሐምሌ ዝናብ ከድንኳን የሚወጣ ሰው ደግሞ የለም፤ ማንም አልሞተም ቢባልም። ሁሉም ባለበት ቁጭ አለ፣ ንፍሮውም ቀረበ። የሆነውን ተናገርኩ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ በስንቱ ለቅሶ ቤት ተውጦ የቀረ ሳቅ ያን ቀን ወጣ። ያቺ «ወንድሜን» ባይዋም ዓይኗን እየጠረገች ስትስቅ አይቻታለሁ።

ደስ ያለኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጽፈው እንደምችል እኔ ገና ሳላስብ እነሱ ጠርጥረውኛል። ጋሽ በየነ እድሩን እንዳላዋርድ አስጠነቀቁኝ። ከድር ስሙን እንድቀይርለት ለመነኝ፤ ቀይሬለታለሁ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ «የእኔ ንፍሮ ሳይነሳ ቀርቶ እንዳልሰማ» አሉኝ። ንፍሮው ልክ ነበር፤ ጨውም አላነሰው። ይኸው አነሳሁት።

ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ጠረጴዛ ሳልወለውል፣ ጫማ ሳልቀባ። እሁድ፣ ሰው ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ሲመለስ፣ ለጠፍኩት። ይቺን መጨረሻዋን የጨመርኳት በኋላ ነው። ገና ለጥፌ ሳልነሳ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ፤ ሰውዬው በእርግጠኝነት ከርእሱ አልፎ አላነበበም። «ነፍስ ይማር» ይላል፤ «ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን።» ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ሦስተኛው ሻማ ለኩሶልኛል። ሁሉንም «አሜን» አልኳቸው፤ ምን ላድርግ?

ጽሑፉ ወጣ፣ ገጹም አልተዘጋ፤ «እኔ» የምልባት ቦታዬ አለች። መድረቁ ግን በሰኞው ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ አስካለን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም ከማለታቸው በፊት አገጬን ነው ያዩት።

«ጻፍክ እንዴ?» አሉኝ።

ኧረ ገና ነኝ አልኳቸው።

«ግድ የለም። አንተ ብቻ ተላጭ» ብለውኝ ወረዱ።